ሚዜዬ የመረጠልኝ ድንኳን

የሚዜዬን ስም አልጠራም። ፈርቼው እንዳይመስላችሁ፤ ምን ያመጣል! ቤቴ ውስጥ ስሙ ከተጠራ ዘመን ስላለፈ ምላሴ እሺ አይለኝም። ልጆቼ እንኳ «ያ ሰውዬ» ነው የሚሉት። እኔ ግን እዚህ «ሚዜዬ» እያልኩ ልጽፍ ነው፤ ሠርጌ ላይ ከጎኔ የቆመው እሱ ነበርና ይህን መካድ አልችልም።

በእኛ ዘንድ አንደኛ ሚዜ የሙሽራው ጓደኛ ሆኖ ይገባና የሙሽሪት ወንድም ሆኖ ይወጣል። እሱም አማቴ ቤት፣ ጉደር፣ ዘመድ አዝማድ እየሰማ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድምሽ ነኝ፤ ቢከፋሽ ለእኔ ንገሪ፣ ቢበድልሽ ለእኔ ንገሪ» ብሎ ምሎላታል። ሌላው ሙሽራ ይህን እንደ ሠርግ ወግ ሰምቶ ይረሳዋል። ባለቤቴ ግን ወንድም አልነበራትም፤ እናቷ ከእሷ በኋላ የወለደቻቸው አንዱም አልጸናም። ስለዚህ ቃሉን እንደ እውነት ያዘችው። ከእኔ ጋር ስንጣላ የምትከሰኝ ለእሱ ነበር። እሱም እየሮጠ ይመጣና፣ የእኔን ነገር ሳይሰማ፣ እኔኑ ይቆጣኛል። ምን ልዋሽ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፣ የአምሳዎቹ መጨረሻ ግድም። አምቦ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ትባላለች፣ በሰው አፍ ግን ያው አምቦ ናት። ሁለታችንም የወንዝና የዝናብ ውሃ በሚለካ መሥሪያ ቤት ጊዜያዊ ሠራተኞች ነበርን። አንድ ቀን አለቃችን ጠራንና፣ ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ ወንጪ ተራራ ላይ ተቀምጠው ዝናብ የሚለኩ ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ፣ ሄዶ የተመለሰ ቋሚ ይሆናል አለን።

የወንጪን ክረምት ላላየ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ጠዋት ጉም ነው፣ ቀትር ላይ በረዶ፣ ከዚያ ደግሞ ከሐይቁ ገደል ሽቅብ የሚመጣ ንፋስ አለ፤ ሰው ቆሞ ከሆነ ያስቀምጠዋል። አምቦ ላይ ሸሚዝ ለብሰህ የተነሳኸው ሰውዬ እዚያ ስትደርስ ጥርስህ ይንቀጫቀጫል። እኔ ደግሞ ባለፈው ዓመት የሳንባ ምች ይዞኝ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ባለቤቴ አስታማኛለች፤ ትንፋሼ ሲቆራረጥ አጠገቤ ተቀምጣ ሰምታለች። በዚያ ላይ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች።

«ወንጪ?» አለች ስነግራት። «ቋሚነቱ ይቅርብን! እኔ ይህን ልጅ ያለ አባት ላሳድግ ነው?»

ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ እንደገና ለመንኳት። ወይ ፍንክች! በአራተኛው ቀን ሚዜዬ መጣ። እጇን ይዞ አስቀመጣትና «ሙሽሪት፣ እኔ እኮ አብሬው ነኝ» አላት። «ሲያስለው የማነሳው እኔ፣ እሳት የማነድለት እኔ። ቢብስበት በጀርባዬ አዝዬ አወርደዋለሁ። አብረን ወጥተን አብረን እንወርዳለን።»

«ማርያምን በል» አለችው።

«ማርያምን።»

በዚህ አለቀ። ባለቤቴ እንባዋን ጠርጋ «እንግዲህ ሁለት ከሆናችሁ ይሁን» አለች። እኔን ለሦስት ቀን ያስለመነችኝ ሴትዮ ለእሱ በአንድ ቃል እሺ አለች። እኔም ቀናሁ እንጂ አልጠረጠርኩም።

ከዚያ የድንኳን ነገር መጣ። መሥሪያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ትልቅ የሸራ ድንኳን ነበር፤ ምሰሶው ራሱ የቤት ምሰሶ ያህላል። ሁለት ሰው ቀርቶ አራት ሰው ቆሞ ይሄድበታል። እኔ ልቤ እሱ ላይ ነው። ድንኳን ማለት ቤት ነው ባይ ነኝ፤ ክረምቱን ሙሉ የምኖርበት ከሆነ እሳት የማነድበት፣ ወገቤን የማቀናበት ይሁን። ሚዜዬ ሸራውን በእግሩ እየገፋ ሳቀብኝ።

«ይሄ ሲደርቅ ለአንድ በቅሎ ከበደ፤ ሲርስ እጥፍ ነው። ምሰሶውን የሚያቆመው ማን ነው? አውታሩን የሚወጥረው ማን ነው? ንፋሱ ደግሞ ረጅም ነገር ይወዳል፤ አንድ ሌሊት አያድርም።»

«እኔና አንተ እናቆመዋለን።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎኝ ሄደ።

የእድራችንን ድንኳን ልዋስ ብዬም አስቤ ነበር። ጠንካራ ነው፣ ስንት ክረምት አሳልፏል። ባለቤቴ ሰምታ ልትደበድበኝ ምንም አልቀራት። «በቁምህ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ልትተኛ? ሟርተኛ!» አለችኝ። እውነቷን ነው።

የቀረው ሦስተኛው ነበር፤ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ሲሄድ የተወው። ሚዜዬ ነው ከመጋዘኑ ጥግ ጎትቶ ያወጣው። ተጠቅልሎ የአንድ ሕፃን ክብደት የለውም፤ በብብት ይያዛል። ጨርቁ ስስ ነው፣ ግን ጠበቅ ተደርጎ የተሠራ ጥጥ። ወለሉ ከግድግዳው ጋር አንድ ላይ ተሰፍቷል፤ ጎርፍ ከሥር አይገባም። ሁለት ልብስ አለው፣ የውስጥና የውጭ፤ ትንፋሽህ ውሃ ሆኖ ከጣሪያው እንዳይንጠባጠብብህ። ቁመቱ ዝቅ ያለ ነው፤ እንደ ውሻ ተጎንብሰህ ነው የምትገባው። እውነት ለመናገር ጥሩ ድንኳን ነበር። ያኔ ግን አልወደድኩትም።

ዝናቡ ገና ስለሆነ የት እንፈትነው ስንል ጉደር ፏፏቴ ትዝ አለን። ግንቦት ላይ ውሃው ቢያንስም ርጭቱና ንፋሱ አለ። ባለቤቴም የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ፣ ወጉ ነውና፣ ጉደር ገብታለች። ስለዚህ እሑድ እሑድ ድንኳኑን ተሸክመን ጉደር መመላለስ ጀመርን፤ አንድ ጉዞ ለሁለት ጉዳይ። ፏፏቴው አጠገብ ተክለን እንገባና ርጭቱ እስኪያርሰው እንጠብቃለን። ጣሪያውን በውስጥ በኩል እጃችን የነካው ቦታ ሁሉ ማንጠባጠብ ጀመረ።

«ሞራ ነው መድኃኒቱ» አልኩ እኔ። የአባቴን ኮርቻ በሞራና በሰም እያሸን ነው ያደግነው፤ ዝናብ አይደፍረውም። ከልኳንዳ ሞራ አምጥተን ከሰም ጋር አቅልጠን አማቴ ግቢ ውስጥ የውጩን ልብስ ቀባነው። ሲያብረቀርቅ ማየት ነው! ለምሳ ገባንና ስንወጣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተሰልፎ ድንኳኑን እየላሰ ነው። አንዱማ ጥጉን ነክሶ ይጎትታል። ሚዜዬ ጫማውን አውልቆ ያሯሩጣቸዋል፣ እኔ በዱላ፣ ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። አማቴ ብቅ ብላ «ልጄን የዳርኳት ለሰው መስሎኝ! ይህን ሽታ ይዘህ ወንጪ ብትወጣ የተራራው ጅብ ሁሉ እንግዳህ ነው» አለችኝ። በትኩስ ውሃና በሳሙና አጥበን ሰም ብቻ ቀባነው። ከዚያ በኋላ ጠብታ አላሳለፈም።

ከዚያ መትከል መለማመድ ሆነ። ሚዜዬ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የአማቴን ቆሎ እየቆረጠመ «ብቻህን ትከለው እስቲ» ይለኛል። እተክላለሁ። «ንቀለው። አሁን ንፋሱን ፊት ለፊት ሳይሆን ጀርባውን ሰጥተህ ትከለው።» እተክላለሁ። «ካስማውን አስተኝተህ ምታው፣ ጭቃ ላይ ቀጥ ያለ ካስማ ይነቀላል። ዓይንህን ጨፍነህ አውታሩን እሰር፤ ጉም ሲመጣ ምንም አታይም።»

«አንተስ መቼ ነው የምትነሳው? ሰነፍ!» እለዋለሁ።

«እኔ አለቃ ነኝ» ይላል።

አንድ ጊዜ ሁለታችንም ውስጡ ተጋደምን። ትከሻችን ተጋጨ፤ አንዳችን ስንዞር ሌላው ከነግድግዳው ይገፋል። «ይሄ ለሁለት ሰው ጠባብ ነው» ስለው «ይሻላል፣ ተጠጋግተን ይሞቀናል» አለኝ። ሳቅሁ። አይ እኔ!

የመውጫችን ዋዜማ ሚዜዬ እንዲህ አለ፦ «አንተ ድንኳኑን ይዘህ ከጫኙ ጋር ቅደም። እኔ ጉደር ደርሼ ሙሽሪትን ልሰናበታት፣ ያዘጋጀችልንንም ስንቅ ላምጣ። በማግስቱ በፈረስ እደርስብሃለሁ።» እኔ እሑድ ተሰናብቻታለሁ፣ ስንቁ ግን አልደረሰም ነበር። ነገሩ ሁሉ ልክ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ በቅሎ ጫኝ ጋር ወጣሁ። ጫኙ አፍ የማይበዛበት፣ ከአማርኛው ኦሮምኛው የሚቀናው ሰው ነው። አፋፉ ላይ አራገፈልኝና ቀን ሳይመሽበት ተመለሰ። ድንኳኑን ብቻዬን ተከልኩት።

በማግስቱ መንገድ መንገድ ሳይ ዋልኩ። ጉም መጣ፣ ሰው አልመጣም። ፈረስ አጥቶ ነው አልኩ። በሚቀጥለው ቀን በረዶው ተራራውን ነጭ አደረገው፤ መንገዱ ቢብስበት ነው አልኩ። ከዚያ፣ አሞት ይሆን እንዴ ብዬ መጨነቅ ጀመርኩ። እናንተዬ፣ እኔ ለእሱ ተጨነቅሁ! የገብስ ማሳቸው ከድንኳኔ በታች የሆነ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ ኦቦ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ጠዋት ጠዋት ወደ ከብቶቻቸው ሲያልፉ ከውጭ «አካም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኛል። «ኦቦ፣ ፈረስ የያዘ የከተማ ሰው አላዩም?» እላቸዋለሁ። አላየሁም ይሉኛል።

ጫኙ ስንቅ ይዞ ተመልሶ መጣ። ገና በቅሎዋን ሳያስር «ጓደኛዬ ምን ሆነብኝ?» አልኩት።

ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «አታውቅም እንዴ? እሱማ አዲስ አበባ ገባ።»

«ምን ሊያደርግ?»

«ተዛውሮ ነዋ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት። አለቃው ‹ሌላ ሰው ተራራው ላይ ካወጣህልኝ እፈርምልሃለሁ› ብሎት ነው አሉ። ከፋሲካ በፊት ያለቀ ነገር ነው። እኔም እኮ ቀለብ የጫንኩት ለአንድ ሰው ነው። የምታውቅ መስሎኝ።»

መሥሪያ ቤቱ ሙሉ ያውቅ ነበር። ያላወቅነው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን።

ጫኙ ሄደ። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ዝናቡ ሲጀምር ዙሪያዬን አየሁት፤ እጄን ብዘረጋ ግራና ቀኝ ግድግዳ ነው። የእኔ መኝታ፣ የእኔ ከረጢት፣ ከዚያ ቦታ የለም። እዚህ ውስጥ ሁለተኛ ሰው ክረምት እንደማይከርምበት ዕውር እንኳ ዳስሶ ያውቀዋል። ለካ ድንኳኑን ገና ከመጋዘኑ ሲጎትተው ለአንድ ሰው ነው የመረጠው። «ብቻህን ትከለው» ማለቱም ስንፍና አልነበረም። እኔን ለብቻዬ እያሰለጠነኝ ነበር፣ ያውም የአማቴን ቆሎ እየበላ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ፈረሱ ግን ከመጣሉ በፊት አወዳደቅ እንደሚያስተምር አልሰማሁም።

ያን ጊዜ መውረድ ነበረብኝ። እልህ ያዘኝ። ብወርድ ደግሞ ቋሚነቱም ቀረ፣ ሰውም ሳቀብኝ። ለባለቤቴስ ምን ልላት ነው? መውለጃዋ ደርሷል፤ ይህን ወሬ ሰምታ አንድ ነገር ብትሆንብኝስ? ጉደር፣ እናቷ ቤት የተቀመጠች ነፍሰ ጡር የመሥሪያ ቤት ወሬ ከየት ትሰማለች፤ አለመስማቷ ይሻላል ብዬ ከረምኩ። ዝናቡን ለካሁ። ሐምሌን በሳል ገፋሁት። ነሐሴ ላይ ትኩሳቱ መጣ፣ ጎኔን ወጋኝ፣ ያ የማውቀው ትንፋሽ ማጠር ጀመረኝ። ካስማዎቹን ለማጥበቅ በደረቴ እየተሳብኩ የወጣሁበት ቀን ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም።

ኦቦ ናቸው ያተረፉኝ። አንድ ጠዋት «አካም ቡልቴ?» ሲሉ መልስ አጡ። ድንኳኑን ከፍተው አገኙኝ፤ ከልጃቸው ጋር ተሸክመው ቤታቸው አስገቡኝ። ሚስታቸው ነጭ ሽንኩርትና ቅቤ እያሞቁ አጠጡኝ። ከጥጆች አጠገብ፣ ከሚጨሰው እሳት ዳር፣ እስክቀመጥ ድረስ አስታመሙኝ። ከሰላምታ በቀር የማያውቁኝ ባዕድ ነኝ እኮ! ማንም ማርያምን አላስባላቸውም። መቀመጥ ስችል በፈረሳቸው አስቀምጠውኝ፣ እሳቸው በእግራቸው እየመሩ፣ በአምቦ አሳልፈው እስከ ጉደር አደረሱኝ።

አማቴ ግቢ ስንደርስ ባለቤቴ ልጃችንን ታቅፋ ወጣች። አራስ ናት፣ ደጅ መውጣት አልነበረባትም፤ የፈረስ ኮቴ ስትሰማ አላስቻላትም። ከሲታ ፊቴን አየች። ቀጥሎ ከኋላዬ መንገዱን አየች። ኦቦን አየቻቸው፣ እንደገና መንገዱን አየች፤ ሌላ ፈረስ የለም።

«ሚዜዬስ?» አለች።

አፌን ከፈትኩ፤ ሳል ይዞኝ አንድ ቃል አልወጣም። እንባዬም መጣ፣ ከሳሉ ይሁን ከንዴቱ እንጃ። እሷ እንባዬን አየች። ልጁን ለእናቷ ወርውራ ማለት ይቻላል ሰጠቻትና ደረቷን መታች። «ወንድሜን! ኧረ ወንድሜን!» ከፈረሱ እግር ሥር ተደፋች። «አንድ ወንድሜን! አብረን እንወርዳለን ያልከኝ!»

ጉደር ላይ ጩኸት ተሰምቶ ቤቱ የሚቀመጥ የለም። ጎረቤት ነጠላውን እያዘቀዘቀ ደረሰ። ሴቶቹ ሙሾ ጀመሩ፤ ሠርጋችን ላይ ያዩት ሁሉ «ያን የመሰለ ልጅ!» እያሉ አለቀሱለት። እኔ ፈረሱ ላይ እንደተቀመጥኩ እጄን አወናጭፋለሁ፤ ሰው ሐዘን የጸናብኝ መስሎታል። በመጨረሻ ትንፋሽ አገኘሁና ጮህኩ።

«አልሞተም! አዲስ አበባ ነው! ተራራውን አልረገጠውም!»

ሙሾው ቆመ። አንዲት ጎረቤት «እሰይ፣ እንኳን በሕይወት ኖረ» አለች፤ ማንም አልተከተላትም። ባለቤቴ ከመሬት ቀና አለች። ግንባሯ ላይ ጭቃ አለ።

«ስንቁስ?» አለች ቀስ ብላ። «ጭኮውን ሠርቼ፣ ለሁለታችሁ ብዬ፣ አደራ ብዬ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ጉንጬን ስሞኝ ነው የሄደው።»

«እኔ ጋ አልደረሰም» አልኳት።

«አንተ ብቻህን ነበርክ? ክረምቱን ሁሉ?»

«ብቻዬን።»

«እኔ እኮ ተኝቼ ነበር» አለች። «ሁለት ናቸው እያልኩ፣ አንድም ቀን ሳልባንን፣ ተኝቼ ነበር።» ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ አንድ ቃል ሳትናገር ከፈረስ አውርዳኝ አስገባችኝ።

ሚዜዬ የመጣው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ሁለት ሽማግሌ ይዞ፣ አዲስ ኮት ለብሶ፣ ለልጁ ብርድ ልብስ አንጠልጥሎ። ሽማግሌዎቹ የሚባለውን አሉ፤ ሰው ይሳሳታል፣ ይቅር ለእግዚአብሔር አሉ። እሱም ተነስቶ እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት።

«በድያለሁ» አለ። «ብነግርህ አትወጣም ነበር፤ እኔም ዝውውሬ ይቀርብኝ ነበር። ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ድንኳኑን አስቤ ነው የመረጥኩልህ። ብቻህን እንድትችለው ብዬ ነው ያለማመድኩህ። እስቲ በእውነት ተናገር፣ ፈሰሰብህ?»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ምን ልበል? «አልፈሰሰብኝም» አልኩ። ደሜ ፈላ። ይህን ያህል ካሰበልኝ፣ የንፋሱን አቅጣጫ ካሰበልኝ፣ የካስማውን አቀማመጥ ካሰበልኝ፣ አንድ ቃል መናገር እንዴት አቃተው? ሳያስብልኝ ቢከዳኝ ይሻለኝ ነበር። ይህን ልናገር ስል ባለቤቴ ልጁን ታቅፋ ከጓዳ ወጣች። ሚዜዬ «ሙሽሪት» ብሎ ተነሳ።

እሱን አላየችውም። ለሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«አባቶቼ፣ ደክማችሁ መጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቂም የለኝም። ግን እኔ ወንድሜን አልቅሼዋለሁ። እዚሁ ደጃፍ ላይ፣ አራስ ሆኜ፣ መሬት ተደፍቼ አልቅሼ ቀብሬዋለሁ። ጎረቤት ይመሰክራል። ይህን እንግዳ አላውቀውም፤ የሚጠጣ ነገር ስጡትና ሸኙት።»

ሚዜዬ ብርድ ልብሱን ይዞ ወጣ። እሷ ከዚያ ቀን ወዲያ ሰላም አገኘች፤ ስሙን ባትጠራም፣ እንደ ሞተ ወንድም አንዳንዴ ታነሳዋለች፣ ሠርጋችን ላይ እንዴት እንደጨፈረ ትተርካለች፣ ትስቃለችም። እኔ ግን አላለቀስኩለትም። ለእኔ እስከ ዛሬ በሕይወት አለ፤ ይኸው አርጅቼም ያናድደኛል።